የሕይወት ኢንሹራንስ ልትገቡ ነው? ከቅጹ በፊትና ከፊርማው በኋላ የሚሠራው ሥራ

በቱሉ ዲምቱ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ወርኃዊ መዋጮ ተሰብስቦ ደብተሩን ልዘጋ ስል ሁልጊዜ አንድ ሰው ቀረብ ይልና «የሕይወት ኢንሹራንስ ልገባ ነበር፣ የትኛው ይሻለኛል?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ እዚህ ላስፍረው። ጥያቄው ከመሐል የተጀመረ ነው፤ ኩባንያ መምረጥ የሚመጣው አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰላ ሒሳብ አለ፤ ከፊርማው በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው የወረቀት ሥራ አለ። የሟች ቤተሰብ ሲጉላላ የማየው በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ነው። አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ በየጊዜው የሚከፈለው ገንዘብ) በሰዓቱ ተከፍሏል፣ ውሉ ጸንቷል፣ ገንዘቡ ግን በአንድ ፊደል ወይም በጠፋ ሰነድ ምክንያት ተይዞ ይቆያል።

መመሪያው በከተማዋ ዳርቻ ለምንኖር፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ገቢ ለሚተዳደር ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት አብራችሁ ብታነቡት ይሻላል። «ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው» የሚል ካለ፣ ለዕድር በየወሩ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሁለታችሁም የነዋሪነት መታወቂያና የፋይዳ መታወቂያ
- የጋብቻ የምስክር ወረቀት
- የልጆች የልደት የምስክር ወረቀት
- የደመወዝ ማረጋገጫ፤ ነጋዴ ከሆናችሁ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ
- ያለባችሁ የብድር ውል ሁሉ (የኮንዶሚኒየም፣ የመኪና፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር)
- የጡረታ መለያ ቁጥር፤ መሥሪያ ቤቱ የቡድን የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቶላችሁ ከሆነ የሽፋኑን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ
- የቆየ ሕመም ካለ የሕክምና ማስረጃ
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ

በቤተ ክርስቲያን፣ በኒካህ ወይም በሽማግሌ ብቻ ተጋብታችሁ የምስክር ወረቀት ያላወጣችሁ፣ መጀመሪያ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ሂዱና አስመዝግቡ። ጋብቻው በሕግ የጸና ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ሁለቱም በሕይወት እያሉ አብሮ ሄዶ ማስመዝገብ ቀላል ነው። አንዱ ከሞተ በኋላ ግን ሚስት መሆንን በምስክር ማስረዳት ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። የከተማዋ ዳርቻ አንዳንዱ ሰፈር በአዲስ አበባ፣ አንዳንዱ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ሰነድ የምታወጡበት ቢሮ ይለያያል። መታወቂያችሁ የድሮው ወረዳ ላይ ከሆነ አሁን አስተካክሉት። ሰነዱ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ከሆነ ኩባንያው የተረጋገጠ ትርጉም ይፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሕይወት ኢንሹራንስ ጋር የሚምታቱ ነገሮች

ዕድር ለቀብርና ለልቅሶ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የሠልስቱን ወጪ ይሸፍናል፤ ከሠልስት በኋላ ያለውን የቤት ኪራይ አይሸፍንም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሕክምና ነው፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ አይሰጥም። የመኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ ከተሽከርካሪ አደጋ ውጭ አያውቃችሁም። «የአደጋ ኢንሹራንስ» የሚባለውን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፦ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የሕይወት ኢንሹራንስ የገባ ይመስለዋል፣ ግን በስኳር ወይም በደም ግፊት ለሞተ ሰው አይከፍልም።

ደረጃ 1፦ ገቢው ቢቆም በወር ስንት እንደሚጎድል አስሉ

ሒሳቡ ከ«ስንት ብር ብገባ ይሻላል?» ሳይሆን «እኔ ብሞት ቤቱ በወር ስንት ይጎድለዋል?» ከሚለው ይነሳል። እንዲህ ካልተሰላ ወይ አቅም የማይፈቅደውን ትገባላችሁ፣ ወይ የስድስት ወር ወጪ እንኳ የማይሞላ ትንሽ ነገር ገብታችሁ ትዘናጋላችሁ።

በምሳሌ እንሂድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው። አባት ኪሊንጦ ፋብሪካ ተቀጣሪ ነው። እናት እቤት እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች፤ ከጤፍ፣ ከመብራትና ከትራንስፖርት ተራፊ በወር 8,000 ብር ይቀራታል። ልጆቹ 9 እና 4 ዓመታቸው ነው። የቤቱ ወጪ በወር 24,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ አባት ለራሱ ለትራንስፖርት፣ ለምሳና ለልብስ የሚያወጣው 5,000 ብር ነው።

አባት ቢሞት ቤቱ የሚያስፈልገው 24,000 ሲቀነስ 5,000፣ ማለትም 19,000 ብር ይሆናል። እናት 8,000 ታስገባለች። የሚጎድለው በወር 11,000 ብር ነው። በዓመት 132,000። ትንሹ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው 14 ዓመት አለ፤ 132,000 በ14 ሲባዛ 1,848,000 ብር። የኮንዶሚኒየም ቀሪ ዕዳ 350,000 ብር ይጨመርበት፤ 2,198,000 ብር።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡና ያንኑ ሒሳብ ለእናት ሥሩ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ክርክር ይነሳል፤ «እሷ ደመወዝ የላትም፣ ለምን?» ይባላል። እናት ብትሞት 8,000 ብሩ ይቋረጣል፤ በዚያ ላይ ልጅ የሚጠብቅና ምግብ የሚሠራ ሰው ይቀጠራል፤ አባትም የሌሊት ተረኛ መሆን ስለማይችል ትርፍ ሰዓቱን ያጣል። እነዚህን በብር ጻፏቸው። ወረቀቱ ላይ ሲወርድ ክርክሩ ያልቃል።

ደረጃ 2፦ ቀድሞ ያላችሁን ቀንሱ

አንድን ነገር ሁለቴ ላለመግዛት ነው።

ጡረታ፦ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። አሠሪው በእርግጥ ገቢ እያደረገ መሆኑን በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በኩል አረጋግጡ፤ ከደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ያልሆነ ገንዘብ ያጋጥማል። 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሲሞት፣ ከጡረታ አበሉ ግማሹ ለባል ወይም ለሚስት፣ 20 በመቶው ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ ይታሰባል። በምሳሌያችን የአባት አበል 4,000 ብር ቢሆን ለሚስት 2,000፣ ለሁለቱ ልጆች በየራሳቸው 800 ብር ይመጣል። የልጆቹ ዕድሜያቸው ሲደርስ ስለሚቆም መጠባበቂያ አድርጋችሁ ተዉት፤ የሚስትን ብቻ ቀንሱ። 2,000 በ168 ወር፣ 336,000 ብር። 10 ዓመት ያልሞላው ሰው ቤተሰብ የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ክፍያ ስለሆነ ይህን ቅነሳ አትጠቀሙበት። የቀን ሠራተኛ፣ ባለ ባጃጅና ባለ ጉልት ደግሞ በራሳቸው ስም ጡረታ ካልከፈሉ የሚቀንሱት የለም።

የብድር የሕይወት ዋስትና፦ ባንኩ ብድሩን ሲሰጥ የሕይወት ዋስትና አስገብቷችሁ ሊሆን ይችላል። ካስገባ፣ ተበዳሪው ሲሞት ቀሪ ዕዳውን ኢንሹራንሱ ለባንኩ ይከፍላል። ባልና ሚስት አብረው ተበድረው ዋስትናው የገባው በአንዱ ስም ብቻ ሆኖ ይገኛልና የማን ስም እንዳለበት እዩ። በምሳሌው አባት ዋስትና አለው ብንል 350,000 ይቀነሳል።

የመሥሪያ ቤት የቡድን ዋስትና፦ ካለ ጥሩ ነው፤ ሙሉውን ግን አትቀንሱት። ከሥራ በወጣችሁ ቀን ያበቃል፤ ሌላ ስትፈልጉ ደግሞ ዕድሜያችሁ ጨምሮ፣ ምናልባትም ጤናችሁ ተጓድሎ ይሆናል።

የቀረው 1,512,000 ብር ነው። እንግዲህ ይህ ቤተሰብ ገበያ የሚወጣው 1.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ሽፋን ለ14 ዓመት ሊጠይቅ ነው። ወኪል ፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ይዞ የሚቀርብ ሰው በቀላሉ አይሸወድም።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

ሦስቱን ብትለዩ ይበቃል።

ሀ. የጊዜ ገደብ ያለው (ብዙዎቹ «ተርም» ይሉታል)፦ ለተወሰነ ዓመት ይሸፍናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሞት ከደረሰ ይከፈላል፤ ካልደረሰ አይመለስም። አረቦኑ ከሁሉም ዝቅተኛ ነው።

ለ. ከቁጠባ ጋር የተያያዘ («ኢንዶውመንት»፤ የልጆች ትምህርት ኢንሹራንስ የሚባለውም ብዙ ጊዜ የዚህ ዘመድ ነው)፦ በጊዜው ውስጥ ሞት ከደረሰ ያኔውኑ፣ ካልደረሰ ደግሞ በጊዜው መጨረሻ ገንዘብ ይሰጣል። ለአንድ ዓይነት ሽፋን አረቦኑ ከተርም በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሐ. የዕድሜ ልክ፦ በማንኛውም ዕድሜ ሞት ሲደርስ ይከፍላል። ለሕፃናት አሳዳጊ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚታሰብ አይደለም።

«ካልሞትኩ ገንዘቤ ይመለሳል?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ሁሉ ወደ ለ ይወስደዋል። ወኪሉም እንደዚያው ይገፋል፤ አረቦኑ ከፍ ሲል ኮሚሽኑም ከፍ ይላል። የመኪና ኢንሹራንስ ዓመቱን ሳትጋጩ ብታልፉ ገንዘቡ አይመለስም፣ ማንም አያኮርፍም፤ ተርምም እንደዚያ ነው። ወጣት ቤተሰብ በወር ሊከፍል በሚችለው ገንዘብ በኢንዶውመንት የሚያገኘው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከሚጎድለው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ ጉድለቱን በተርም ሙሉ፤ የተረፈ ካለ ስለ ቁጠባው ያን ጊዜ ይታሰባል።

የብሩን ነገርም አስቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር፣ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አልፏል። ከ15 ዓመት በኋላ በብር ተቆርጦ የሚመለስ ቁጠባ ላይ ስትፈርሙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በየዓመቱ የሚጨመረው የትርፍ ድርሻ በውሉ የተረጋገጠ ነው ወይስ ግምት? ላለፉት ዓመታት በእርግጥ የተከፈለው ስንት ነው? ወኪሉ በካልኩሌተር የሚያሳያችሁ ቁጥር ውሉ ላይ ከሌለ እንደ ምኞት ቁጠሩት።

ወለድን በሃይማኖት ምክንያት የማትቀበሉ ታካፉል (በሸሪዓ መርሕ የሚሠራ ኢንሹራንስ) ጠይቁ፤ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠሩ የታካፉል መስኮቶች ተከፍተዋል። የሕይወት ሽፋን (የቤተሰብ ታካፉል) እንዳላቸው ግን ለይታችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ከሦስት ኩባንያ ዋጋ ጠይቁ

ኢንሹራንስ ኩባንያ ሁሉ የሕይወት ኢንሹራንስ አይሸጥም፤ ዘርፉ የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት፣ አዋሽ፣ ኒያላና ሕብረት የሕይወት ዘርፍ ካላቸው መካከል ናቸው፤ ሌሎችም አሉ። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው። ከዳርቻ መሐል ከተማ መውጣት ግማሽ ቀን ይበላልና አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ቅርንጫፍ ያለው ሁሉ የሕይወት ባለሙያ የለውም።

ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ፤ አለበለዚያ ዋጋው አይነጻጸርም፦

1. ለዚህ የሽፋን መጠንና ለዚህ ዓመት በዓመት ስንት አረቦን ነው? በወር ብከፍል ጠቅላላው ስንት ይጨምራል?
2. አረቦኑ እስከ መጨረሻው አንድ ነው ወይስ ከዕድሜ ጋር ያድጋል?
3. ሙሉ የአካል ጉዳት ሽፋን ይጨመራል? (ያልሞተ ግን መሥራት የማይችል ሰው ለቤቱ ከባዱ ሁኔታ ነው።)
4. ሽፋኑ የሚጀምረው በየትኛው ቀን ነው? የመጠበቂያ ጊዜ አለ?
5. የማይከፈልባቸው ሁኔታዎች ምንድን ናቸው? ጦርነት፣ ሁከት፣ ራስን ማጥፋት፣ ወደ ውጭ ለሥራ መሄድ በምን ቃል ነው የተጻፉት?
6. ሦስተኛው ዓመት ላይ ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል?
7. ለሞት ካሳ የምትጠይቋቸው ሰነዶች ዝርዝር አላችሁ? (ዝርዝሩን ያኔውኑ ተቀበሉ።)

የአንዱ ዋጋ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ካለ ወደ ጥያቄ 5 ተመለሱ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ደረጃ 5፦ ቅጹን ራሳችሁ ሙሉ

«አንተ ፈርም ብቻ፣ እኔ እሞላልሃለሁ» የሚል ወኪል ደግ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እምቢ በሉት። ቅጹ ላይ ያለው መልስ የእናንተ ቃል ነው፤ ከሞት በኋላ ኩባንያው መጀመሪያ የሚያወጣው ወረቀትም ይኸው ቅጽ ነው።

ጤና፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሲጋራና ጫት፣ ያለውን ሁሉ ጻፉ። ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ፈራሽ እንደሚያደርገው የንግድ ሕጉ ይደነግጋል። ሕመም የጻፈ ሰው አረቦኑ ከፍ ሊልበት፣ ያ ሕመም ከሽፋኑ ሊወጣ ወይም ኩባንያው ላይቀበለው ይችላል፤ ደብቆ የሞተ ሰው ግን ቤተሰቡ ምንም ላያገኝ ይችላል። የሽፋኑ መጠን ወይም ዕድሜ ከፍ ሲል ምርመራ ይታዘዛል። ወጪውን ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሥራ፦ «ሹፌር» ብቻ አትበሉ፤ የከተማ ታክሲ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ወይም ባጃጅ ብላችሁ ለዩ። ግንበኛ ከሆናችሁ ፎቅ ላይ መሥራታችሁን ጻፉ።

የትውልድ ዘመን፦ ቅጹ የሚጠይቀው በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ እዩ። መስከረም 1980 የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ 1987 ነው፣ ሰኔ 1980 የተወለደ ደግሞ 1988። «1980» ብሎ በአውሮፓው ሣጥን ውስጥ የጻፈ ሰው ከሰባት ዓመት በላይ አርጅቶ ይመዘገባል፤ አረቦኑ ከፍ ይላል፣ ካሳ ሲጠየቅ ደግሞ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም። ከቀኑ ጎን «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ።

ስም፦ እንደ መታወቂያው፣ እስከ አያት። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሃይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ፋይል ለሚያመሳክር ሠራተኛ ግን ጥያቄ ያስነሳሉ። የላቲን ፊደሉ ደግሞ ይብሳል፤ ፋይዳው ላይ በአንድ ኤል፣ ባንክ ደብተሩ ላይ በሁለት ኤል የተጻፈች ዓለሚቱ ሁለት ሰው ትመስላለች። ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የማይገጥም ካለ የስም ማስተካከያው አሁን ይሠራ፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ በራሱ ፊርማ የሚያልቀው ጉዳይ በኋላ ፍርድ ቤት ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ተጠቃሚውን በስም ጻፉ

በዚህ ደረጃ ላይ ቆም በሉ። ቅጹ «ተጠቃሚ» ሲል ብዙ ሰው «ቤተሰቤ» ወይም «ሕጋዊ ወራሾቼ» ብሎ ያልፋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827 መሠረት፣ ሟች ተጠቃሚ ካልሰየመ ወይም ያለ ሌላ ማመልከቻ «ለወራሾቼ» ብሎ ካስገባ፣ የኢንሹራንሱ ገንዘብ ወደ ውርስ ይገባል። በስም ከተሰየመ ግን ከውርሱ ውጭ ነው።

ወደ ውርስ ሲገባ ምን ይሆናል? የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ወራሽ ነኝ የሚል ሁሉ ይቀርባል። ከሌላ እናት የተወለደ ልጅ ካለ እኩል ይካፈላል፤ ይህ መብቱ ነው፤ ነገር ግን እናንተ በሒሳባችሁ ውስጥ ያላስገባችሁት ከሆነ 1.5 ሚሊዮኑ ለታሰበለት ወጪ አይበቃም። የሟች ዕዳም ከውርሱ ይከፈላል። በስም የተሰየመች ሚስት ግን የሞት የምስክር ወረቀትና መታወቂያዋን ይዛ በቀጥታ ኩባንያው ዘንድ ትቀርባለች።

እንዲህ አድርጉ፦

- ሙሉ ስም፣ ዝምድና፣ ከተቻለ የፋይዳ ቁጥር ጻፉ። «ባለቤቴ» ብቻ አይበቃም።
- ከአንድ በላይ ከሆኑ ድርሻውን በመቶኛ ጻፉ፤ ድምሩ 100 መሆኑን አረጋግጡ።
- ሁለተኛ ተጠቃሚም ጻፉ። ባልና ሚስት በአንድ መኪና አደጋ አብረው ሊሞቱ ይችላሉ።
- የክርስትና ስም ወይም የቤት ስም አታስገቡ።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን መሰየም ይቻላል፤ 18 ዓመት እስኪሞላው ግን ገንዘቡን የሚያስተዳድርለት ሌላ ሰው ነው። የቀረው ወላጅ ካለ በሕግ ሞግዚቱ እሱ ነው። ለብቻችሁ የምታሳድጉ ከሆነ ሞግዚቱን በኑዛዜ ሰይሙ፤ አለበለዚያ ማን እንደሚሆን ፍርድ ቤት ይወስናል። «ኑዛዜ ካለኝ ተጠቃሚ መሙላት ምን ያደርጋል?» ለሚሉም መልሱ ያው ነው፤ ኩባንያው መጀመሪያ የሚያየው ውሉን ነው። ሁለቱ ከተጋጩ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ይከርማል።

እናትና አባታችሁን የምትጦሩ ከሆነ ደግሞ ድርሻቸውን በመቶኛ ስጧቸው። «ሚስቴ ትሰጣቸዋለች» ብሎ በቃል መተው በለቅሶ ቤት ጠብ ይጠራል፤ ብዙ አይቻለሁ።

ደረጃ 7፦ ክፍያውን ወደ ኩባንያው ሒሳብ አድርጉ

ለወኪል በእጅ አትስጡ፣ በግል ቴሌብሩም አትላኩ። በኩባንያው ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም ኩባንያው ራሱ ባሳወቀው የክፍያ መንገድ ክፈሉ፤ የፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ) ቁጥሩን በምክንያቱ ቦታ ጻፉ፤ የኩባንያውን ደረሰኝ ተቀበሉ። ወኪሉ ታማኝ ቢሆንም ሥራ ሊለቅ ይችላል፤ እጁ ላይ የቆየ አረቦን ለኩባንያው እንዳልተከፈለ ይቆጠራል ብላችሁ አስቡ።

አቅም ከፈቀደ በዓመት መክፈል ይረክሳል፤ መርሳትም ይቀንሳል። የጉልትና የእንጀራ ገቢ በጾምና በበዓል ስለሚለዋወጥ፣ አረቦኑን ለ12 ከፍላችሁ በየወሩ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡት። የዕቁብ ዕጣ ይደርሰኛል ብሎ በዕጣ ላይ መመካት አይሆንም።

አረቦን ካለፈ ውሉ ወዲያው አይሞትም፤ የእፎይታ ጊዜ አለ። ስንት ቀን እንደሆነ ከውሉ ላይ አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። የእፎይታው ጊዜ ካለፈ በኋላ የደረሰ ሞት አይሸፈንም። ውሉን እንደገና ለማስነሳት ደግሞ አዲስ የጤና ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ፖሊሲው ሲደርሳችሁ አመሳክሩና ቦታውን አሳውቁ

ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ዕፍረት የለበትም፤ የሚያነብ ጎረቤት ወይም ልጅ አስቀምጣችሁ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሽፋን መጠን፣ የሚጀምርና የሚያበቃበት ቀን፣ ተጠቃሚዎችና የማይሸፈኑ ሁኔታዎች የሚሉትን ስድስት ነገሮች እንዲያነቡላችሁ አድርጉ። ስሕተት ካለ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቁ፤ የማመልከቻው ኮፒ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱ።

ዋናውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ከቤቱ ካርታ ወይም ውል ጋር አስቀምጡ። ኮፒውን ሌላ ቤት ለሚኖር ለምታምኑት ዘመድ ስጡ። የፖሊሲ ቁጥሩንና የኩባንያውን ስም የያዘ ቁራጭ ወረቀት ለዕድር ጸሐፊ ብትሰጡም አይከፋም፤ የሽፋኑን መጠን ግን አትጻፉበት። ተጠቃሚው መኖሩን ያላወቀው ኢንሹራንስ ማንም ሳይጠይቀው ይቀራል።

ደረጃ 9፦ በዓመት አንድ ጊዜ ክፈቱት

አዲስ ዓመት ሲገባ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚሰላበት ሳምንት አብራችሁ እዩት። ልጅ ተወለደ? ፍቺ ሆነ? ተጠቃሚ ሞተ? ሥራ ተቀየረ? ኑሮው ስንት ጨመረ? የደረጃ 1 ሒሳብ የተሠራው በዛሬ ዋጋ ስለሆነ ይበላሻል፤ የጤፍ ዋጋ ሲነሳ ሽፋኑም መከለስ አለበት። ከተፋቱ በኋላ የድሮ ባል ወይም ሚስት ተጠቃሚ ሆነው የቀሩበት ውል ብርቅ አይደለም።

ሞት ሲደርስ ቤተሰቡ የሚያደርገው

1. ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። የሆስፒታል ወረቀት ወይም፣ እቤት ከሆነ፣ ቢሮው የሚጠይቀውን ማስረጃ ያዙ። በአደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት ጨምሩ።
2. ለኩባንያው ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ፤ ሁሉም ሰነድ እስኪሟላ አትጠብቁ። በንግድ ሕጉ ከኢንሹራንስ ውል የሚመነጭ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። «ዓመቱ ይውጣ፣ ተዝካሩ ይለፍ» እየተባለ ይህ ጊዜ ይበላል።
3. የምታስገቡትን ሰነድ ሁሉ በኮፒ አስቀሩ፤ ቀን ያለው መረከቢያ ተቀበሉ።
4. «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» ብሎ ከካሳው ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። አያስፈልጋችሁም።
5. ኩባንያው እምቢ ካለ ምክንያቱን ከነ ውሉ አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ። መጀመሪያ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ለብሔራዊ ባንክ ቅሬታ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤትም ክፍት ነው።

ተደጋግመው የሚመጡ አጫጭር ጥያቄዎች

«ለልጄ የሕይወት ኢንሹራንስ ልግባለት?» በልጁ ገቢ የሚተዳደር ሰው ስለሌለ አያስፈልግም። በወላጅ ስም ግቡና ልጁን ተጠቃሚ አድርጉ።

«ለወንድሜ ሳላማክረው ልግባለት?» አይሆንም። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ የሚገባ የሞት ኢንሹራንስ የሰውየውን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል።

«ዓረብ አገር ያለች እህቴ ትግባ?» የመኖሪያና የሥራ ቦታ ለውጥ በውሉ ላይ ካልተፈቀደ ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። ከመሄዷ በፊት ለኩባንያው አሳውቃ በጽሑፍ መልስ ትያዝ።

«ኩባንያው ቢከስርስ?» የሕይወት ዘርፉ ገንዘብ ከሌላው ኢንሹራንስ ተለይቶ እንዲያዝ ሕጉ ያስገድዳል። ነገር ግን የተቀማጭ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር የሚሸፍነው በባንክና በማይክሮ ፋይናንስ የተቀመጠ ገንዘብን ነው፤ ኢንሹራንስን አይጨምርም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የኩባንያውን የመጨረሻ ዓመት የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ፤ ማንበብ ባትችሉ የሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤት አይጠፋም።